አገርን በአንድ ቀን ስለ ማየት

በቀድሞው ዘመን በሀገራችን መንገድ ላይ የሚገኝ ሰው ሁሉ ጕዳይ ያለው ሰው ነበር። ነጋዴው አሞሌውን ወይም ቡናውን ጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ባለ ሙግቱ ፍርድ ፍለጋ ወደ መኳንንት ደጅ፥ ወታደሩ ወደ ዘመቻ፥ ተሳላሚው ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ግሸን፥ ተማሪው ወደ መምህሩ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ተራራውንና ሸለቆውን ማየታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ያዩት በመንገዳቸው ላይ ስላገኙት ነው እንጂ እርሱን ለማየት ብለው ከቤታቸው አልወጡም። ዐቀበቱ ለነርሱ ድካም፥ ሜዳው ዕረፍት፥ የሞላው ወንዝ ሥጋት ነው። «እንዴት ያለ ያማረ አገር ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው ቢወጣ፥ ውሃ ጠጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ መንገደኛ መጥቷል። ይህ መንገደኛ የሚሸጠው ዕቃ፥ የሚሟገትበት ርስት፥ የሚሳለመው ደብር የለውም፤ ጕዳዩ ማየት ብቻ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። መንገዱን ስለማያውቅ መሪ ይቀጥራል፤ መሪውም መኪናው በየት በየት እንደሚቆም፥ ገደሉ ከየትኛው ድንጋይ ላይ ሲታይ እንደሚያምር አስቀድሞ ያውቃል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአዲስ አበባም ከጎንደርም የሚነሣ የሀገር ተወላጅ፥ የተማረና ደመወዝተኛ ሰው፥ በበዓል ቀን ቤተ ሰቡን ይዞ እንዲሁ ያደርጋል። አማርኛችን ለዚህ ሰው ስም ባስፈለገው ጊዜ «ጎብኚ» አለው። ስሙን ሁሉ ሰው ይጠራዋል፤ ምን እንደሚያስገድድ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

ጎበኘ ማለት በሕዝባችን አፍ ከዱሮ ጀምሮ የታመመን መጠየቅ፥ የራቀን ዘመድ ሄዶ ማየት፥ የዘሩትን እርሻ መቃኘት ነው። ገበሬው ማልዶ እርሻውን ጎበኘ ሲባል፥ አረሙ የት እንደ በረታ፥ አጥሩ የት እንደ ተጣሰ፥ ጎርፉ አፈሩን የት ላይ እንደ ቦረቦረው ዐውቆ ተመለሰ ማለት ነው። ጎረቤት ሕመምተኛን ጎበኘ ሲባልም፥ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፥ እህል መቅመሱን፥ ከብቱን ማን እንደሚያግድለት ጠይቆ ወጣ ማለት ነው። በደጃፍ ቆሞ ፊቱን አይቶ የተመለሰ ሰው «አየሁት» ይበል እንጂ «ጎበኘሁት» ቢል ሰሚው አይቀበለውም። ግእዝም ይህን ይለያል። ርእየ የሚለው ግስ ለማየት ሁሉ ይበቃል፤ ሐወጸ የሚለው ግን ማየትንና መጠየቅን፥ መጠየቅንና ማሰብን አንድ አድርጎ የያዘ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋዎች ከዐይን ሥራ በላይ የሆነ አንድ ሥራ መኖሩን ዐውቀው ለብቻው ቃል ሰጥተውታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ለአንድ ቀን የተራራ መንደሮችን የሚያይ ሰው ጎብኚ ሊባል ይገባዋልን? ወይስ ስሙን በብድር ወስዶ ዕዳውን ሳይከፍል የሚኖር ነው?

ነገሩ በምሳሌ ይታይ ዘንድ የስሜንን ተራሮች መውሰድ ይበቃል። ማልዶ ከጎንደር የተነሣ መኪና በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ፥ የወገራን የእህል አገር አቋርጦ፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። በዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያው ዋጋ ይከፈላል፤ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂም አብረው ይሳፈራሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የድንጋይ መንገድ ነው። ቡይት ራስ ላይ ጭላዳዎች በሣሩ ላይ ተቀምጠው፥ እንደ አራሚ ሰው በሁለት እጃቸው እየነቀሉ ሲበሉ ይገኛሉ፤ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እርሱ ነው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት አለው። ሰውን ብዙ አይፈሩም። ከዚህ ጀምሮ በስተግራ በኩል ምድር ያልቃል። ሊቃውንተ ምድር እንደሚሉት ይህ አገር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በወጣ እሳተ ገሞራ የተከመረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ለብዙ ዘመን ሲበሉት ኖረው ዛሬ የሚታየውን ገደል አደረጉት። ሳንቃ በር ከታለፈ በኋላ የጂንባር ውሃ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ከማዶ ይታያል፤ በክረምት ድምፁ ይሰማል፥ በበጋ ግን እንደ ነጭ ክር ቀጥኖ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ እስከ ጨነቅ ይዘልቃል፤ በዚያ በገደሉ ጫፍ ላይ፥ ዕድል ከቀናው፥ ከዚህ አገር በቀር በዓለም ሁሉ የማይገኘውን ዋልያን ያያል። ጅብራው እንደ ምሰሶ ቆሞ፥ ጓሳው በነፋስ ተኝቶ፥ አስታው ሽበት መስሎ ሲታይ፥ የራስ ደጀንም ወገን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በስተምሥራቅ ሲገለጥ፥ ዝም የማይል ሰው ቢኖር ልቡ የደነደነ ነው።

በዚህ ደስታ ላይ ነቀፋ የለም። አንዳንድ ባሕታዊ መሳይ ሰዎች ተራራን ማድነቅ ሥራ ፈትነት ነው ሲሉ ይሰማሉ፤ እነዚህ ግን አባቶች ገዳማቸውን በየአምባው ራስ ላይ የመሠረቱት ለምሽግነቱ ብቻ መስሏቸው እንደ ሆነ አይታወቅም። የመልክአ ምድር ውበት እውነተኛ ነገር ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ ከፍታ ዐይንን የሚያታልልበት መንገድ አለው።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ቍልቍል ወደ ቆላው የሚያይ ሰው መንደሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨብጠዋል። አውድማው ክብ ሆኖ፥ ቤተ ክርስቲያኑ በዛፍ ተከብቦ፥ ጎጆው ሣር ለብሶ፥ ከጎጆው ራስ ላይ ሰማያዊ ጢስ እየተነነ ይታየዋል። ጢሱ ከላይ ላየው እጅግ ያማረ ነው፤ ከውስጥ ሆና እንጀራ ለምትጋግረው እናት ግን ዐይን የሚያስለቅስ፥ ደረት የሚያፍን ነው። በቍልቍለቱ ላይ የተሰደረው የገብስ ማሳ ከሩቅ አረንጓዴ ሥጋጃ ይመስላል፤ ሞፈሩን ይዞ ለሚያርሰው ግን በሬው እንዳይንከባለልበት የሚሠጋበት ቦታ ነው። ውሃ ቀጅዋ ልጅ እንስራዋን አዝላ በቀጭኑ መንገድ ስትወጣ ከላይ ላያት የሥዕል ጌጥ ናት፤ የእንስራው ክብደት ግን አይታይም። ከፍታው አልዋሸም፤ ያሳየው ሁሉ በእውነት አለ። ነገር ግን ያሳየው ሰሙን ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ «ገባኝ» ብሎ ቢነሣ መምህሩ «ተመለስና ተቀመጥ» ይለዋል፤ ወርቁ የተቀመጠው ሰሙ ባማረበት በዚያው ቃል ውስጥ ነውና። ሰሙን ጣለው አይለውም፤ ያለ ሰም ወርቅ ወደየት ይፈስሳል? የሚለው በዚያው በሰሙ መንገድ ውረድ ነው።

የቅኔ ተማሪ ከተነሣ ዘንድ የእርሱን የመንደር አተያይ ማስታወስ ይገባል። ከዋድላ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ የሚሻገር የቆሎ ተማሪ ያለፈባቸው መንደሮች ስንትና ስንት ናቸው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይቆማል። ይህ ተማሪ መንደሩን ያየው ከታች፥ ከደጃፍ ነው። የማን ቤት ዘንድሮ እህል እንዳጣ የሚያውቀው ከተሰጠው ቍራሽ መጠን ነው፤ የማን ቤት ሐዘን እንዳለበት የሚያውቀው ወደ ውስጥ ሳይገባ ከድምፁ ነው። የውሻውን ንክሻ ጠባሳ እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል፤ የሰጠችውንም ሴት ፊት አይረሳም። እርሱ ተራራውን «ያማረ» ብሎ ምንም አልጻፈ ይሆናል። ሆኖም ከሁለቱ መንገደኞች ጎብኚ የሚለው ስም ለማን ይቀርባል ቢባል መልሱ ግልጥ ነው። ልዩነቱም ተማሪው ድኻ ጎብኚው ባለጸጋ መሆኑ አይደለም። ተማሪው ያንን መንደር ይፈልገዋል፤ እንጀራው ከዚያ ነው። የአንድ ቀኑ እንግዳ ግን ምሳውን ከጎንደር ቋጥሮ መጥቷልና መንደሩ ለርሱ ምንም የሚሰጠው የሚመስለው ነገር የለም።

ነገር ግን በእውነት ምንም አልተሰጠውምን?

ከጂንባር ውሃ ማዶ ያለው ደጋ ግጭ ይባላል። በእግር የሚሄዱ እንግዶች በዚያ አልፈው ወደ እሜት ጎጎ፥ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው መመልከቻ ይወጣሉ። በዚህ ደጋ ላይ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ የሰው መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ ያርሳሉ፥ በግና ከብት ያረባሉ፥ በቅሏቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ። ብርዱን የለመዱ፥ አባቶቻቸው በዚያው የተቀበሩ ሰዎች ናቸው። ፓርኩ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነውና መንደሩ ከፓርኩ በፊት የነበረ ነው። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ስፍራዎች ሲመዘግብ የስሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋራ በዚያ መዝገብ ገቡ። ክብር ነው። ዳሩ ግን ዋልያው እየተመናመነ፥ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፥ መንገድም በመካከሉ እየተቆረጠ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለውን የእርሻና የግጦሽ ጫና መቀነስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች፥ 418 አባወራዎች፥ ካሳ ተከፍሏቸው የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ።

በዚህ ነገር ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው ሁለቱንም ወገን ይስማ። በገደል አፋፍ ላይ የሚታረስ ገብስ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፤ አፈሩ ካለቀ ለገበሬውም ለዋልያውም አይሆንም። ዋልያ ደግሞ ሌላ አገር የለውም፤ ከዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ። ሰው ግን ቢቸገር ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ይህ ክርክር ሐሰት አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ፥ ገብስና በግን እንጂ ሌላ ሥራ የማያውቅ ገበሬ በከተማ ዳር ቤት ቢሰጠው ቤቱ እርሻ አይሆነውም፤ የካሳ ገንዘብም ጎተራ አይደለምና ከተከፈተ አይከርምም። እህል ይሸጥ የነበረው ሰው እህል ገዢ ሆነ። ዋልያው ሌላ አገር የለውም ሲባል፥ የግጭ ሽማግሌም ለርሱ ሌላ ግጭ እንደሌለው ማን ተናገረለት? ይህን ክርክር ዳኛና አዋቂ ይጨርሱት። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ሦስተኛ ሰው ነው፤ እርሱም ያዘዘው፥ የተነሣውም ያልሆነ፥ ብቻ መጥቶ የሚያየው ሰው ነው።

ይህ ሰው በግጭ ሜዳ ላይ ቆሞ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው፤ የሰው እጅ ያልነካው አገር!» ይላል። ይህን የሚለው ክፋት ኖሮበት አይደለም። ነገር ግን ጸጥታው የተገዛ ጸጥታ ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው በመግቢያው ላይ ገንዘብ የሰጠው እርሱ አይደለም። በሰው ማዕድ ተቀምጦ የሚበላ እንግዳ ምግቡን ያበሰለው ማን እንደ ሆነ ባይጠይቅ ነውር ይባላል፤ ማዕዱ የቀረበው ከአንዱ ጎጆ ተነሥቶ እንደ ሆነ ደግሞ አለመጠየቁ ከነውር ያልፋል። ይህን የሚለው ሕግ የክርስቲያን ሕግ ብቻ አይደለም፤ የግጭ ሰዎችም ለእንግዳ ውሃና እህል ሲያቀርቡ ሃይማኖቱን ጠይቀው አልነበረም።

ከከፍታ ላይ ሆኖ አገርን ስለ ማየት በብሉይ መጽሐፍ አንድ ታሪክ አለ፥ ካህናት ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ነገር ግን በዚህ በኩል ሲታሰብ አይሰማም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ተቀብሎ ካበላ በኋላ ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ። እንግዲህ መንገድ መሪያቸው ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ከፍ ካለው ስፍራ ወደ ሰዶም ተመለከቱ። ሰዶም ለአብርሃም ባዕድ አገር ናት፤ ሰዎቿም በክፋታቸው የታወቁ ናቸው። ዕይታው ግን በዕይታ አልቀረም፤ ወዲያውኑ ቍጥር ሆነ። ሃምሳ ጻድቃን ቢገኙስ? አርባ አምስትስ? አርባስ? እያለ እስከ ዐሥር ድረስ ወረደ። ከላይ ሆኖ ከተማን በጅምላ ያላየ፥ ሰውን አንድ አንድ እያለ የቈጠረ ተመልካች ይህ ነው። በማግሥቱም ማልዶ ወደዚያው ስፍራ ተመልሶ ሄደ፤ ያየው ጢስ ነበር። ከዚያ ጢስ ፊት የቆመው አብርሃም የተመለከታቸውን ሰዎች ጕዳይ የራሱ ጕዳይ ካደረገ በኋላ ነው።

ከምዕራቡም ዓለም ሌላ ምሳሌ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1336 ዓ.ም. ፔትራርክ የተባለው የኢጣልያ ባለ ቅኔ ከወንድሙ ጋራ በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የቫንቱን ተራራ ወጣ፤ ምክንያቱም ከፍታውን የማየት ፍላጎት ብቻ እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ብዙዎች ተራራን ለማየት ብሎ ለወጣ ሰው ሁሉ አባት ያደርጉታል። በተራራው ራስ ላይ የያዘውን የአውግስጢኖስን መጽሐፍ ቢገልጥ፥ ሰዎች የተራራን ከፍታ እያደነቁ ራሳቸውን መርሳታቸውን የሚነቅፍ ቃል አገኘና አፍሮ ዝም ብሎ ወረደ። ይህን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነቃል። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ሌላ ሰው አለ። ሲወጡ በተራራው ጐን አንድ ሽማግሌ እረኛ አግኝተው ነበር፤ እርሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወጥቶ ድካምና የተቀደደ ልብስ ብቻ እንዳተረፈ ነግሮ ሊመልሳቸው ለመነ፤ እንቢ ቢሉትም መንገዱን አሳያቸው፥ ትርፍ ልብሳቸውንም ጠበቀላቸው። ስሙ አልተጻፈም። ባለ ቅኔው በተራራ ፋንታ ራሱን ለማሰብ ተመለሰ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከተራራውና ከራሱ መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር ነበር፤ በዚያ ዳገት ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ሰው ነበር።

የዛሬው እንግዳ እረኛውን የሚያገኘው ባብዛኛው በመሪው በኩል ነው፤ ስለዚህ ስለ መሪው ጥቂት መናገር ይገባል። መሪው አስቸጋሪ ስፍራ ላይ የቆመ ሰው ነው። በሁለት ወገን መካከል ያለ አስተርጓሚ ነውና አንዱን ለሌላው አሳምሮ ማቅረብ ሥራው ነው። እንግዳው የከፈለው ደስ ሊለው ነው፤ ስለ ተነሡ መንደሮች፥ ስለ ተሸረሸረ አፈር ቢተርክለት ቀኑን ያጨልምበታል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ የአእዋፍን ስም፥ የገደሉን ቁመት፥ የጭላዳውን ጠባይ ይናገራል፤ የቀረውን ይተወዋል። በዚህ መሪውን የሚነቅፍ ሰው ይሳሳታል። አንድምታ የሚያስተምር መምህር እንኳ ከተማሪው ጥያቄ በላይ ሁልጊዜ አይሄድም፤ «አንድም» የሚለው የሚሰማ ሲያገኝ ነው። መሪውም ቢጠየቅ ይመልሳል። ይህ ማሳ የማን ነው? ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው? ልጆቹ የት ይማራሉ? ከዚህ በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር? እነዚህን ለመጠየቅ ሁለት ቀን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እንግዳው ደስታው ጥቂት እንዲደፈርስ መፍቀዱ ነው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ፥ «እንግዳው ገንዘብ ያመጣል፤ መሪው፥ በቅሎ ነጂው፥ ምግብ አብሳዩ በዚህ ይኖራሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ ጕብኝት ምን አለ? የቆሎ ተማሪው ከመንደሩ ወሰደ እንጂ ምን ሰጠ?» ሊል ይችላል። መልካም ክርክር ነው፤ ገንዘብን መናቅ ገንዘብ ላለው ሰው ብቻ የቀለለ ነገር ነውና። ለመሪው የሚሰጠው ብር ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ነው። ዳሩ ግን ይህ ገንዘብ ምን ያህል የዐይን ዋጋ ብቻ እንደ ሆነ የታወቀው በቀረ ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፥ እሳቱም እስከ ስሜን ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ጀመረ። መኪናው ቀረ። በቅሎው ያለ ጭነት፥ መሪው ያለ ሥራ ተቀመጠ። ከነዚያ ዓመታት በፊት በገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥተው የሄዱት ሰዎች ብዙ ሺህ ናቸው፤ ሥዕሉም በየቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከነዚህ ውስጥ ለዚያ ቀን መሪያቸው «እንዴት ከረማችሁ?» ብለው የላኩ አልጠፉም፤ እነርሱ በእውነት ጎብኚዎች ናቸው። በአንድ ቀን የጀመረ ዝምድና በዓመታት ሊቀጥል እንደሚችል ያሳዩ እነርሱ ናቸው። የቀሩት ግን ተራራው ሳይታይ እንዳለ የሚኖር መስሏቸው ረሱት። ተራራው ግን ጠባቂ ያሻዋል። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፥ ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና እሳት አጥፊ እስኪደርስ ድረስ፥ ቅጠልና አፈር ይዞ ከእሳቱ ጋራ የታገለው የዚያው አገር ሰው ነበር።

በመንገዱ ዳር የሚቆሙት ልጆች ነገርም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ከሱፍ የተሠራ ቆብና ከሣር የተሠፋ ትንንሽ ሙዳይ ይዘው መኪናው ሲመጣ ይሮጣሉ። እንግዳው ርኅሩኅ ከሆነ ሳይገዛ ብር ይወረውራል፤ ክፉ ከሆነ መስኮቱን ይዘጋል። ርኅሩኁ ከክፉው የሚሻል ይመስላል፤ በማግሥቱ ግን ልጁ ትምህርት ቤት ትቶ በመንገድ ዳር ይውላል። ቆቡን በዋጋው የገዛ፥ ማን እንደ ሠራውም የጠየቀ ሰው የተሻለ ነገር አደረገ፤ ከልጁ ጀርባ ቆቡን የፈተለች እናት አለችና። እንዲሁም በእርሻው ላይ ያለውን ሽማግሌ ሥዕሉን ከማንሣት አስቀድሞ ወርዶ «አባቴ፥ ጤና ይስጥልኝ» ማለት ምን ያስቸግራል? ሽማግሌው ሞፈሩን አቁሞ «አብሮ ይስጥልኝ፥ እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ሥዕል ፊቱ ሌላ ነው። ሰላምታ ያልቀደመው ሥዕል ግን፥ ባለቤቱ ሳያይ ከማሳው እንደ ተቀነጠሰ እሸት ነው። የሚጎድለው ትንሽ ነው፤ አልተጠየቀም እንጂ።

አንድ ቀን ለመጎብኘት ይበቃልን ለሚለው ጥያቄ፥ ሕመምተኛን የሚጎበኝ ሰው ከሰዓት እኩሌታ በላይ እንደማይቀመጥ ማሰብ ይበቃል። የጕብኝት ልኩ የጊዜው ርዝመት አይደለም። በስሜን አንድ ወር ተቀምጦ፥ በድንኳን አድሮ፥ የአእዋፉን ስም ሁሉ ጽፎ የተመለሰ፥ የአንድ ሰው ስም ግን ያልያዘ ይኖራል። በአንድ ቀን ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ ጋራ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የገብሱን ነገር ሲጫወት፥ እሜት ጎጎን ሳያይ የዋለ ይኖራል፤ ጓደኞቹ ቀኑን በከንቱ አባከንህ ይሉታል።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መኪናው ወደ ደባርቅ ይመለሳል። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ይወርዳል፤ መሪው የዕለት ዋጋውን ይቀበላል፥ ጉርሻም ቢጨመርለት ይመርቃል። እንግዳው ደክሞታል፤ አቧራውን ያራግፋል፥ ያነሣቸውንም ሥዕሎች አንድ በአንድ ያያል። የግጭ ሰዎች የሰፈሩት በዚያችው ከተማ ነው፤ ከወረዱም በኋላ እዚያ የተወለዱ ልጆች አሉ። ከመኪናው ወርዶ መሪውን «የግጭ ሰዎች ሰፈር በየት በኩል ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜው ገና አልመሸም፤ ነገር ግን ጎንደር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ይቀራል፥ ነጂውም ሞተሩን አስነሥቷል።